ቤቱ የእኔ፣ ኪራዩ የወንድሜ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ዓምድዎን ማታ ከሥራ ስወጣ ሜትሮ ውስጥ ነው የማነበው። የሰው ችግር እያነበብኩ «ይቺ ልጅ እንዲህ ብታደርግ» ስል ኖሬ፣ የራሴ ሲመጣ ግን ጠፋኝ።

41 ዓመቴ ነው። ዱባይ፣ ዴራ ውስጥ ጸጉር ቤት እሠራለሁ። ከመጣሁ አሥረኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አዲስ አበባ እያለሁ በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቤ ነበር። በ2007 የካ አባዶ የ20/80 ባለ ሁለት መኝታ ደረሰኝ። ሃያ በመቶውን ከፍዬ ለቀሪው ከንግድ ባንክ ጋር የ20 ዓመት ብድር ተዋዋልኩ። ብዙም ሳልኖርበት ወደዚህ መጣሁ። ስመጣ ለታናሽ ወንድሜ ውክልና ሰጠሁት። ጸሐፊው ጻፈው፣ እኔ ፈረምኩ። ምን ምን እንዳለበት በደንብ አላነበብኩትም። በረራዬ በማግስቱ ነበር።

ወንድሜ ቤቱን ያከራያል። ለባንክ በየወሩ ወደ 2 ሺህ ብር ይከፍላል። የተረፈውን ለእናታችን ወጪና ለጥገና አውለዋለሁ ይለኛል። ኪራዩ 12 ሺህ ብር ነው ሲለኝ ነው የኖረው። ባለፈው ወር ተከራይዋ ቁጥሬን ከጎረቤት ተቀብላ በቦቲም ደወለችልኝ። ከሻወሩ ጣሪያ ውኃ ይንጠባጠባል፣ ስንት ጊዜ ነግሬው ዝም አለኝ አለች። ካሜራውን ወደ ላይ አዙራ አሳየችኝ። ቀለሙ ተልጦ፣ የሰሃን ያህል ቡናማ ክብ ሠርቷል። ወንድሜ በሚያዝያ ይህንኑ ጣሪያ አሠራሁ ብሎ 35 ሺህ ብር አስልኮኛል። ተከራይዋ ደግሞ ሳልጠይቃት «17 ሺህ እየከፈልን ይሄ ይገባናል?» አለችኝ። ከገባች 26 ወሯ ነው። ስልኩን ዘግቼ ሳስበው ልዩነቱ 130 ሺህ ብር መጣልኝ።

ለወንድሜ እስካሁን ትንፍሽ አላልኩም። ለእናቴ በጨረፍታ ሳነሣባት «ወንድምሽ ነው፣ ካንቺ ሌላ ማን አለው? ተይው» አለችኝ።

ሌላው ነገር፣ ወንድሜ ጓደኛው የሚሸጠውን ሪል እስቴት ግዢ እያለ ወጥሮ ይዞኛል። ባለ ሁለት መኝታው 6.4 ሚሊዮን ብር ነው። 20 በመቶ ቅድመ ክፍያ፣ 30 በመቶው ሕንፃው እያደገ ሲሄድ በሦስት ዓመት፣ ግማሹ ደግሞ ቤቱን ስረከብ በባንክ ብድር። «ባንኩን እኛ እናመቻቻለን» ይላል ጓደኛው። ዋጋው በቅርቡ ይጨምራል እያለም በየቀኑ ይጽፍልኛል። እጄ ላይ ያለኝ 60 ሺህ ድርሃም ነው። በወር ደግሞ 1,500 ድርሃም ያህል ይተርፈኛል። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው፣ ወገቤ እያስቸገረኝ ነው። ከአምስት ዓመት በላይ የምቆይ አይመስለኝም። ስመለስ በአንዱ ቤት ልኑር፣ በሌላው ኪራይ ልተዳደር ብዬ ነው። ልግዛው? ለወንድሜስ ምን ልበለው?

የዴራዋ እህትዎ

ምላሽ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ልቤ የቀረው እዚያ ጣሪያ ላይ ነው። አሥር ዓመት ቆመሽ የሰው ጸጉር እየሠራሽ ያቆየሽውን ቤት፣ በማታውቂያት ሴት ስልክ ውስጥ ሲንጠባጠብ ማየት ያማል። ብትናደጂ ልክ ነሽ። «አላነበብኩትም» ስትዪ ደግሞ ያፈርሽ መሰለኝ። አትፈሪ፣ አያሳፍርም። በረራው ነገ የሆነ ሰው ውል አያነብም። በዚያ ጥድፊያ የፈረሙ ብዙ እህቶች አውቃለሁ።

ሁለት ጥያቄ ነው የጠየቅሽኝ። እኔ ግን ከሁለተኛው እጀምራለሁ። የመጀመሪያው ቤት መልክ ሳይይዝ ሁለተኛ ቤት መግዛት፣ በአንድ እጅ የከበደሽን ዕቃ ሁለት ማድረግ ነው።

ስለ ወንድምሽ ከመወሰንሽ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። የኮንዶሚኒየም የሻወር ጣሪያ የሚያፈሰው አብዛኛውን ጊዜ ከራስ ቤት አይደለም። ከላይኛው ፎቅ ጎረቤት ሻወር ወለል ወይም ቧንቧ ነው። የላይኛው ካልተሠራ፣ የታችኛውን አሥር ጊዜ ብትለስኚውና ብትቀቢው ክቡ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ወንድምሽ በሚያዝያ በእርግጥ አሠርቶት፣ ክረምት ሳይወጣ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ላያሠራውም ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ደግሞ አለሽ። ተከራይዋ በዚያን ጊዜ እዚያው ቤት ውስጥ ነበረች።

ሁለቱን ገንዘብ ለይተሽ እንድታዪው የምፈልገው ለዚህ ነው። 35 ሺሁ አዎ ወይም አይደለም የሚባል ነገር ነው፤ ሠራተኛ መጥቷል ወይም አልመጣም። ካልመጣ ውሸት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። 130 ሺሁ ግን ለእኔ እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢው። እናታችሁን ሐኪም ቤት የሚያመላልሳት ማን ነው? መብራት ሲበላሽ፣ ተከራይ ሲወጣ፣ አዲስ ተከራይ ሲገባ ሥራውን ጥሎ የሚሮጠው ማን ነው? በእነዚህ አሥር ዓመታት «ይቺ የድካምህ ናት» ብለሽ የሰጠሽው ነገር አለ? ከሌለ፣ ወንድምሽ ለራሱ ደመወዝ ቆርጦ ሊሆን ይችላል። መደበቁ ጥፋት ነው። ጥፋቱን ግን ሁለታችሁም ያልተናገራችሁት ነገር አሳድጎታል። ቤት ማስተዳደር ሥራ ነው። በነፃ የሚሠራው ሰው ውሎ አድሮ ዋጋውን በራሱ መንገድ ያወጣዋል፣ ወንድምም ቢሆን።

ወንድምሽን ይቅር በዪው ወይም ክሰሺው አልልሽም። እሱ የእናንተ ነው። ከዚህ ወር ጀምሮ ግን ቤቱ በግምት መተዳደሩ ማብቃት አለበት።

ከሁሉም በፊት ውክልናው ይምጣ። ቅጂውን ከወንድምሽ ጠይቂው። «ለባንክ ጉዳይ ፈልጌው ነው» ብትዪው ውሸት አይሆንም፤ ወደ ባንኩ ጉዳይ እመጣለሁና። እምቢ ካለሽ ወይም ጠፋ ካለሽ ውልና ማስረጃ ዘንድ ቅጂ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን ይፈልጋል፣ ጠቅላላ ውክልና ብቻውን አይበቃም። ችግሩ ያለው ጸሐፊዎቹ ጋ ነው። «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚለውን ሐረግ ለሁሉም ሰው ይደረድሩታል። ባለቤቱ ለማከራየት ብቻ ሄዶ ቤቱን ለማሸጥ ፈርሞ ይወጣል። ቅጂው ሲደርስሽ እነዚህን አራት ቃላት በጣትሽ እየተከተልሽ ፈልጊ።

ካገኘሻቸው አትደንግጪ። ውክልና በፈለግሽ ጊዜ የምትሽሪው ነገር ነው። ዱባይ ባለው ቆንስላችን ሄደሽ የድሮውን መሻር፣ በምትኩ ለማከራየት፣ ኪራይ ለማስመዝገብ፣ ቤቱን ለማስጠገንና በወረዳ ስለ ቤቱ ለመቅረብ ብቻ የሚል ጠባብ ውክልና መስጠት ትችያለሽ። መሻሩን ግን ወንድምሽም፣ ውክልናው የተመዘገበበት መሥሪያ ቤትም በጽሑፍ ይወቁት። ቆንስላ ውስጥ ተሽሮ አዲስ አበባ ያልደረሰ ወረቀት አይጠብቅሽም።

የኪራዩን ገንዘብ በተመለከተ ደግሞ ሕጉ ራሱ ያግዝሻል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዝዛል። ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል አይፈቅድም። ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ኪራይ መቀበል አይቻልም። ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። ላንቺ ትልቁ ነገር ግን ይኼ ነው፦ ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ስለዚህ ወንድምሽን «አላመንኩህም» ማለት አያስፈልግሽም። «ሕጉ በባንክ ይሁን ይላል፣ ከዚህ ወር ጀምሮ በእኔ ሒሳብ ይግባ» ትዪዋለሽ። እሱም አንገቱን ሳይደፋ ያስረክባል። ይቺን መውጫ እባክሽ ስጪው። መውጫ ያጣ ሰው ይጮኻል፣ ጩኸቱ ደግሞ መጨረሻው እናትሽ ጆሮ ነው።

ውሉ እስካሁን ካልተመዘገበ ወረዳው ጋ መቀጫ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ቢሆንም ይከፈል። ከኪራዩ ላይ የሚፈለግ ግብር ካለም በዚያው ይጣራ። ባልተከፈለ ግብር ምክንያት ቤት ለመሸጥ ሲሉ የተያዙ ሰዎች አይቻለሁ፣ በዚያን ሰዓት ልመና ነው።

አሁን ንግግሩ። በጽሑፍ አታድርጊው፣ በድምፅ መልእክትም አይሁን። ወንድምሽ ሥራ ላይ በማይሆንበት ሰዓት፣ አንቺም ከደከመሽ በኋላ ሳይሆን በእረፍትሽ ቀን ጠዋት ደውዪለት። እኔ ብሆን እንዲህ እጀምራለሁ፦ «ወንድሜ፣ ተከራይዋ ደውላልኝ ነበር። 17 ሺህ እንደምትከፍል ነግራኛለች። ተናድጄ ስለነበር ነው እስካሁን ያልደወልኩልህ። እስቲ አንተ ንገረኝ።» ከዚያ ዝም በዪ። ዝምታው ይከብድሻል፣ ግን አትሙዪው። ምን እንደሚል ብቻ ስሚ። «ለእማዬ መድኃኒት ነው» ካለ፣ ስንት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉት። «ተቸግሬ ነበር» ካለም እሱ አንድ መልስ ነው። ከተቆጣና ስልኩን ከዘጋ ደግሞ፣ ያም መልስ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ሦስት ነገር በቁጥር ይወሰን። ለእናትሽ በየወሩ የሚሰጠው ስንት ነው፤ ይህ ከአንቺ በቀጥታ ለእሷ ይሂድ። ለወንድምሽ ድካም ስንት ነው፤ የኪራዩ 10 በመቶ ብትይው 1,700 ብር ነው፣ ብዙ አይደለም፣ ግን በግልጽ የተሰጠ ነው። ለጥገና የሚቀመጠው ስንት ነው፤ ይህኛው ከሒሳብሽ አይውጣ፣ ሥራ ሲኖር ከደረሰኝና ከፎቶ ጋር ይከፈል። የጣሪያውን ጉዳይ ደግሞ ወንድምሽ ከላይኛው ጎረቤትና ከብሎኩ ኮሚቴ ጋር ይነጋገርበት። ቧንቧው የጎረቤት ከሆነ ወጪው ያንቺ ብቻ መሆን የለበትም።

አንድ ደብተር ግዢ። ስልክ ላይ አይሁን፣ ደብተር ይሁን። በአንድ ገጽ አሥራ ሁለት ወር አስምሪ። በየወሩ የገባውን፣ ለባንክ የወጣውን፣ ለእናትሽ፣ ለወንድምሽ፣ ለጥገና፣ ለግብር ጻፊ። አንድ ወር ደግሞ ባዶ ተዪ፤ ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ ቤት ባዶውን የሚያድርበት ወር ሁልጊዜ ይመጣል። ከዚያ መጨረሻ ላይ ስንት ተረፈ? «ቤቴ 17 ሺህ ያስገባልኛል» ማለትና «ቤቴ በዓመት ይህን ያህል ይተርፈኛል» ማለት የተለያየ ነገር ነው። ሁለተኛውን ቁጥር እስክታውቂው ድረስ አከራይ አልሆንሽም፤ ቤት ያላት ሰው ነሽ።

ስለ ባንኩ ብድር። በወር 2 ሺህ ብር የምትከፍዪ ከሆነና አሥር ዓመት ካለፈው፣ የቀረሽ ዕዳ ወደ 150 ሺህ ብር ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ትክክለኛውን ከባንኩ ጠይቂ። ድርሃሙን በ40 ብር ገደማ ብናስበው ወደ 4 ሺህ ድርሃም ነው። ብድሩ ስትወስጂው ተራራ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ዶላሩ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ፣ ድርሃምሽም አብሮ ወጣ። ተራራው ጉብታ ሆነልሽ። ከፍለሽ ብትጨርሺው ካርታው ከባንክ ነፃ ይወጣል። ቤቱን መሸጥም፣ ለሌላ ብድር ማስያዝም ትችያለሽ። እኔ ክፈዪው ባይ ነኝ።

ግን ቅደም ተከተሉን አትሳቺ። ዛሬ ቤቱ በባንክ ስለተያዘ ማንም እንደ ልቡ ሊሸጠው አይችልም። ሳታውቂው ባንኩ ዘበኛሽ ሆኖልሻል። ዕዳውን ከፍለሽ ካርታውን ነፃ ባወጣሽ ቀን፣ ያ «ለመሸጥ» የሚለው ቃል ያለበት ውክልና በወንድምሽ እጅ ካለ፣ ዘበኛውን አሰናብተሽ በሩን ክፍት ተውሽው ማለት ነው። ወንድምሽ ያደርገዋል እያልኩሽ አይደለም። የሚያባብሉት ሰዎች አይጠፉም። መጀመሪያ ውክልናው ይጥበብ፣ ከዚያ ዕዳው ይከፈል።

አሁን ወደ አዲሱ ቤት። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ አብረሽኝ አስቢ።

6.4 ሚሊዮን ነው። ቅድመ ክፍያው 1 ሚሊዮን 280 ሺህ። ያለሽ 60 ሺህ ድርሃም ወደ 2.4 ሚሊዮን ብር ስለሚመጣ ይህን ትከፍያለሽ፣ ይተርፍሻልም። በሦስት ዓመቱ የሚከፈለው 1 ሚሊዮን 920 ሺህ በወር ሲካፈል 53 ሺህ ብር ገደማ ነው። የሚተርፍሽ 1,500 ድርሃም 60 ሺህ ብር ነው። ጠበብ ይላል፣ ግን ትወጪዋለሽ። እስከዚህ ድረስ የወንድምሽ ጓደኛ አልዋሸሽም። ሻጭም የሚያሳይሽ እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው።

ከርክክብ በኋላ ያለውን እንይ። ቀሪው 3.2 ሚሊዮን በባንክ ብድር ነው። ወለዱን ለምሳሌ 18 በመቶ፣ ጊዜውን 15 ዓመት ብናደርገው፣ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 51 ሺህ 500 ብር ይመጣል። በ15 ዓመት ውስጥ ለ3.2 ሚሊዮኑ ከ9.2 ሚሊዮን በላይ ትከፍያለሽ። እንግዲህ ቤቱ በስንት ይከራያል? ሻጩን አትጠይቂው። በዚያው ሰፈር ያለቀ፣ ያንኑ ያህል ካሬ ያለው ቤት ዛሬ በስንት እንደተከራየ ሦስት ደላላ ጠይቂ። 35 ሺህ ቢሉሽ፣ በየወሩ 16 ሺህ 500 ከኪስሽ ትጨምሪያለሽ፤ ባዶውን ወር፣ የሕንፃውን መዋጮ፣ ግብሩን ሳልቆጥር። በ2017 የንብረት ታክስ አዋጅም ወጥቷልና የቤት ወጪ ወደፊት እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም።

ከዚህ ሁሉ ያስጨነቀኝ ግን የብሩ መጠን አይደለም። ከአምስት ዓመት በላይ አልቆይም ብለሻል፣ ወገቤ ብለሻል። አሁን 41 ነሽ። ርክክቡ በቃሉ ቢደርስ እንኳ 44 ዓመትሽ ነው። ብድሩ የሚያልቀው በ59። ድርሃሙ የሚቆመው ደግሞ በ46። ከ46 እስከ 59 ያለውን 13 ዓመት በየወሩ 51 ሺህ ብር ማን ይከፍላል? የካ አባዶን እየኖርሽበት ነው፣ አታከራዪውም። በኪራይ ልተዳደር ብለሽ የገዛሽው ቤት አንቺን ማስተዳደሩ ቀርቶ፣ አንቺ እሱን ትመግቢዋለሽ። ስለዚህ በዚህ አከፋፈል፣ በዚህ ዕድሜሽና በዚህ ወገብ፣ አትግዢው ነው የምልሽ።

ልብሽ አሁንም ከፈለገው ግን ቢያንስ እነዚህን ሳታገኚ አንድ ብር እንዳትልኪ። የቦታው ካርታ በድርጅቱ ስም መሆኑን፣ በሌላ ባንክ መያዣ አለመሆኑን፣ የግንባታ ፈቃዱ እስከ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ። ካሬው የተጣራ ነው ወይስ ደረጃውንና ኮሪደሩን አዳርሶ ነው? ይህ ብቻውን አንድ ክፍል ሊያጎድልብሽ ይችላል። ዋጋው ቫትን ይጨምራል? «የዋጋ ማስተካከያ» የሚል አንቀጽ አለ? ሲሚንቶና ብረት ሲጨምር ልዩነቱን አንቺ ላይ የሚጥል አንቀጽ ከሆነ፣ 6.4 ሚሊዮን የሚባለው ዋጋ መነሻ እንጂ ዋጋ አይደለም። ርክክቡ ቢዘገይ ድርጅቱ ምን ይከፍልሻል? አንቺ አንድ ክፍያ ብታዘገዪስ? ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቢያቸው፤ ብዙ ጊዜ የአንቺ ቅጣት በቁጥር ተጽፎ የእነሱ «በመግባባት» የሚል ሆኖ ታገኚዋለሽ። «ባንኩን እናመቻቻለን» የሚለው ቃል ውሉ ላይ ከሌለ የለም። ባንኩ በዚያን ጊዜ ቢከለክልሽ ግማሹን ከየት ታመጫለሽ?

ውሉን ደግሞ አንቺ የከፈልሽው ጠበቃ ያንብብልሽ። ወንድምሽ አይሁን። የወንድምሽ ጓደኛ ኮሚሽን ያገኝበታል፤ ያ ነውር አይደለም፣ እንጀራው ነው። ወንድምሽስ ከዚያ ኮሚሽን ይደርሰው ይሆን? በንግግራችሁ መሀል በቀስታ ጠይቂው። «ዋጋ ይጨምራል» ለሚለው የየቀኑ መልእክት ግን መልስ አትስጪ። በእርግጥ ሊጨምር ይችላል። ብዙ ሰው ገንዘቡን ያጣው ግን ዋጋ ጨምሮበት አይደለም፣ ሳያይ ከፍሎ ነው። በስም የማውቃቸው፣ ጉድጓድ ላይ ከፍለው ዓመታት ጉድጓዱን ሲመላለሱበት የኖሩ ሰዎች አሉ።

ፍራቻሽ ግን እውነት ነው፣ ላጣጥለው አልፈልግም። ብር ባንክ ውስጥ ሲቀመጥ ይሟሽሻል። ባዶ እጅሽን እንዳትመለሺ ትፈሪያለሽ። እስኪወሰን ድረስ ቁጠባሽን ወደ ብር አትቀይሪው። ውጭ ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ የሚከፍቱ ባንኮች አሉ፣ ጠይቂ። የምትልኪውን በባንክ ላኪ እንጂ በእጅ በእጅ አትላኪ። በጥቁር ገበያ የምታገኚያት ትርፍ ታስጎመጃለች፣ አውቃለሁ። ለዳያስፖራ የቤት ብድር የሚሰጥ ባንክ ግን የገቢሽን ወረቀትና የላክሽበትን ታሪክ ነው የሚያየው። ንግድ ባንክም፣ በቤት ብድር ላይ የቆመው ጎህ ቤቶች ባንክም ዘንድ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። ወለዱን፣ ብድሩ በምን ገንዘብ እንደሚመለስና ቀድመሽ ብትጨርሺ ቅጣት እንዳለው ጠይቂያቸው። ከአንድ ባንክ በላይ ጠይቂ።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ሁለት ዓመት እጠብቅ ነበር። የባንኩ ዕዳ ተከፍሎ እጅሽ ላይ በሚቀረው ላይ በወር 1,500 ድርሃም ቢጨመርበት 92 ሺህ ድርሃም ገደማ ይሆናል፣ በዚሁ ምንዛሪ ወደ 3.7 ሚሊዮን ብር። በዚያ ያለቀ፣ ካርታ ያለው፣ አነስ ያለ ቤት እፈልግ ነበር፤ ስቱዲዮም ይሁን ባለ አንድ መኝታ። ግድግዳውን የምትነኪው፣ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጎረቤት የምትጠይቂለት፣ በገባሽበት ወር ተከራይ የምታስገቢበት ቤት። ትንሽ ብድር ቢያስፈልገው እንኳ አምስቱ ዓመት ሳያልቅ የሚዘጋ ይሁን። ቤቱ ትንሽ ነው፣ ግን ስትመለሺ የሚጠብቅሽ ኪራይ እንጂ ዕዳ አይደለም።

ሌላም ነገር ልጠይቅሽ፣ ቅር ካላለሽ። አሥር ዓመት ጸጉር ሠርተሻል። ስትመለሺ የምትተዳደሪበት የግድ ቤት መሆን አለበት? ሁለት ወንበር ያላት የራስሽ ጸጉር ቤት፣ ሌላ ሴት እየሠራች አንቺ የምታስተዳድሪያት፣ በሐሳብሽ መጥታ ታውቃለች? መልሱ አይ ሊሆን ይችላል። ሥራው አስመርሮሽም ይሆናል። ግን ቤት ሁሉም ሰው ስለሚገዛ ብቻ እንዳትገዢ ብዬ ነው።

የእናትሽን ነገር በመጨረሻ ተውኩት፣ ስለሚከብድ። «ተይው» ያለችሽ አንቺን ስላልወደደች አይመስለኝም። በየቀኑ ፊቷን የሚያየው ልጇ እሱ ነው። አንቺና እሱ ብትጣሉ ብቻዋን የምትቀረው እሷ ናት። ስለዚህ ከእሷ ፊት አትክሰሺው፣ ዳኛም አታድርጊያት። ከዚህ ወር ጀምሮ የእሷ ገንዘብ በቀጥታ ከአንቺ እንደሚመጣላት ብቻ ንገሪያት። የደወለችልሽን ተከራይም አትርሺያት፤ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ከነልብሷ ሻወር የምትገባ ሴት ናት። እውነቱን የነገረችሽ እሷ ናት። ወንድምሽ እንዳይቆጣት ብለሽ «ከጎረቤት ሰማሁ» አትበዪ፣ ግን ማንም እንደማያስወጣት አስቀድመሽ አረጋግጪላት።

ነገ ከሥራ በፊት ለእሷ ደውዪላት። «በሚያዝያ ጣሪያውን ሊሠራ የመጣ ሰው ነበር?» ብለሽ ጠይቂያት። ወንድምሽን የምትደውዪለት ከዚያ በኋላ ነው። ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።